ጉልበቱን በጠባብ ቀዳዳ የታከመ ሰው በቤቱ ሕመሙን እንዴት ያስታግሣል

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው ተናግረዋል። ይህ ቃል በሁላችን አፍ የሚነገር ነው፤ ነገር ግን ሕመም በያዘን ጊዜ የምንሠራበት ጥቂቶች ነን። ይልቁንም በደጋው አገር፥ በፋርጣና በጋይንት፥ በእስቴና በስማዳ፥ ሰው ሕመሙን ዋጥ አድርጎ ዝም ያለ እንደሆነ እንደ ጀግና ይቈጠራል፤ ያቃሰተ እንደሆነ ግን ልበ ቢስ ነው ተብሎ ይታማል። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንናገር ያሰብነው፥ ይህ ልማድ ጉልበቱን ታክሞ ወደ ቤቱ የተመለሰውን ሰው እንዴት እንደሚጐዳው፥ ቤተ ሰቡም በምን ዘዴ ሊረዳው እንደሚችል ነው።

ነገሩን እንድናነሣ ያደረገን በደብረ ታቦር የሚኖር አንድ የምናውቀው መምህር ነው። ይህ ሰው በክረምት ወራት ከጭቃ ላይ አድጦት ወደቀና ጉልበቱ ተጠመዘዘ። ከዚያም ወዲህ ጉልበቱ አንድ ጊዜ ይቈለፋል፥ አንድ ጊዜ ይከዳዋል። ሐኪሞችም መርምረው በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ልም አጥንት እንደ ተቀደደ ነገሩት፤ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በጠባብ ቀዳዳ ታከመለትና በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ አገሩ ተመለሰ። ቍስሉን ለማየት የመጣው ዘመድ ሁሉ ተገረመ፤ ሁለት ትንንሽ ቍስሎች ብቻ ነበሩና፥ አንዱም ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም። መምህሩም «ለዚህች ለምትንስ ቍስል ምን ኪኒን ያስፈልጋል» ብሎ የታዘዘለትን መድኃኒት እንደ ታሸገ ከትራሱ ሥር አኖረው። ጉልበቱን ዘርግቶ ማንቀሳቀስ ቢያመው ትራስ ከሥሩ አድርጎ አጥፎ ተኛ። ሚስቱ «እንዴት ነህ» ስትለው «ደህና ነኝ» ይላታል። ሦስት ሳምንት ባለፈ ጊዜ ግን ጉልበቱ አልዘረጋም አለ፤ የጭኑም ሥጋ ሟሸሸ። በመስከረም ትምህርት ቤት በተከፈተ ጊዜ ከተማሪዎቹ ፊት ቆሞ ማስተማር አቃተው። ቀዳጁ ሐኪም ሥራውን በሚገባ ፈጽሞ ሳለ፥ ሕክምናው በቤት ውስጥ ሊበላሽ ምንም አልቀረውም ነበር።

እንግዲህ አስቀድሞ ይህ ሕክምና ምን እንደሆነ ጥቂት እንናገር። አርትሮስኮፒ ይባላል። ሐኪሙ በጉልበቱ ግራና ቀኝ ከአንድ ሳንቲ ሜትር የማይበልጡ ቀዳዳዎች ይከፍትና፥ በአንደኛው ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ መብራትና መመልከቻ ያለው ቀጭን ዘንግ ያስገባል፤ በሁለተኛው ደግሞ መቍረጫውንና መስፊያውን ያስገባል። የጉልበቱንም ውስጥ በመስተዋት እንደሚያይ ሆኖ በቴሌቪዥን ላይ እያየ የተቀደደውን ያስተካክላል ወይም ይሰፋል።

የዚህ ጥበብ መነሻ ለእኛ አገር ሰው የሚያስደንቅ ነው። በ1918 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ ኬንጂ ታካጊ የሚባል የጃፓን ሐኪም ለፊኛ መመልከቻ በተሠራ መሣሪያ የሬሳ ጉልበት ውስጥ ተመለከተ። በዚያ ዘመን በጃፓን የሳንባ ነቀርሳ በሽታ ወደ ጉልበት እየገባ መገጣጠሚያውን ያደርቀው ነበር። ጃፓኖችም ከመሬት ላይ ተንበርክከው የሚቀመጡ ሕዝብ ስለ ሆኑ፥ ጉልበቱ የደረቀበት ሰው ከማኅበራዊ ኑሮ እንደ ተለየ ያህል ነበር። ታካጊ በሽታው ገና ሳይጠና አይቶ ለመያዝ ብሎ ይህን መንገድ ጀመረ፤ ደቀ መዝሙሩ ማሳኪ ዋታናቤም በ1962 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተቀደደውን ልም አጥንት በዚሁ መንገድ ቈርጦ ለማውጣት ቻለ። በበርጩማ ላይ ዝቅ ብሎ ለሚቀመጥ፥ በማሳ ላይ ተንበርክኮ ለሚያርም፥ በቤተ ክርስቲያን ለሚሰግድ የደጋ ሰውም የጉልበት መታጠፍና መዘርጋት ምን ያህል ታላቅ ነገር እንደሆነ ማንም ያውቀዋል።

ታዲያ ቍስሉ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ ሕመሙ ከየት ይመጣል የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱ ይህ ነው፤ ቀዳዳው ትንሽ ነው፥ በውስጥ የተሠራው ሥራ ግን ትንሽ አይደለም። ሐኪሙ አጥርቶ ለማየት ጉልበቱን በውኃ ይነፋዋል፤ ከዚያም ውኃ ጥቂቱ በዙሪያው ሥጋ ውስጥ ይቀራል። የተቈረጠውና የተሰፋውም ይቈጣል፥ ያብጣል። ከዚህ በላይ ደግሞ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። በሕክምናው ጊዜ የተሰጠው ማደንዘዣ ወዲያው አይለቅምና፥ በሽተኛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ምንም ሳይሰማው ይቀመጣል፤ ዳነሁም ብሎ ይደሰታል። ማታ ማደንዘዣው በለቀቀ ጊዜ ግን ሕመሙ በአንድ ጊዜ ይመጣበታል። ስለዚህ የማስታገሻው መድኃኒት መጀመር ያለበት ሕመሙ ከመጣ በኋላ ሳይሆን፥ ማደንዘዣው ሳይለቅ አስቀድሞ ነው። እሳት ሳይነድ ማጥፋት ከነደደ በኋላ ከማጥፋት ይቀላልና።

የማስታገሥም ዓላማ ሕመምን ፈጽሞ ማጥፋት አይደለም፤ እንዲህ የሚፈልግ ሰው ከመጠን ያለፈ መድኃኒት ወስዶ ራሱን ይጐዳል። ዓላማው ሕመሙ በልክ ሆኖ በሽተኛው እንዲተኛ፥ እንዲቆም፥ ይልቁንም ጉልበቱን እንዲያንቀሳቅስ ማድረግ ነው። ጉልበት ሲያብጥና ሲያም የጭኑ ጡንቻ መታዘዝ እንቢ ይላል፤ ያልታዘዘ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ጡንቻው የሟሸሸበት ጉልበትም መልሶ ይታመማል። ይህን ቀለበት የሚሰብረው ልኩን የያዘ ማስታገሻና እንቅስቃሴ ነው። ሐኪሞች ሕመምን ከ0 እስከ 10 በቍጥር ይለኩታል፤ 0 ምንም አለመኖሩ ነው፥ 10 ከሁሉ የከፋው ነው። የቤት ሰውም በሽተኛውን «ደህና ነህን» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ከ10 ስንት ነው» ብሎ ቢጠይቀው ይሻላል። «ደህና ነኝ» ማለት የጨዋ ሰው መልስ ነው፤ ቍጥር ግን ይሉኝታን አያውቅም።

ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። ከዚህ በታች የምንናገረው ሁሉ በሽተኛውን ያከመው ሐኪም የጻፈለትን ትእዛዝ የሚሽር አይደለም። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ማስታገሻ ፓራሲታሞል ነው። ሙሉ ሰው ባለ 500 ሚሊ ግራሙን ኪኒን በአንድ ጊዜ ሁለት፥ በየስድስት ሰዓቱ ሊወስድ ይችላል፤ በአንድ ቀንና ሌሊት ግን ከ8 ኪኒን ማለፍ አይገባውም። ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች የሆነ፥ ጉበቱን የታመመ ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ከዚህ ያነሰ እንዲታዘዝለት ሐኪሙን ይጠይቅ። የሰዓቱ አከፋፈል ለእኛ አቈጣጠር እጅግ የሚመች ነው፤ ጧት በ12 ሰዓት፥ ቀን በ6 ሰዓት፥ ማታ በ12 ሰዓት፥ ሌሊት በ6 ሰዓት ብሎ መያዝ ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀኖች ሕመሙ እስኪብስ ሳይጠብቁ በሰዓቱ መውሰድ፥ ከዚያም ሕመሙ እየቀነሰ ሲሄድ መጠኑን መቀነስ ይገባል። ከቤቱም አንድ ሰው ሰዓቱንና ቍጥሩን በወረቀት እየጻፈ ቢይዝ፥ መዘንጋትም መደራረብም አይኖርም። ለጕንፋን የሚሸጡ ብዙ መድኃኒቶች በውስጣቸው ይኸው ፓራሲታሞል ስላለባቸው፥ ሳያውቁ ከላዩ መጨመር አደጋ አለው።

ሁለተኛው ዓይነት እብጠትንም ሕመምንም የሚቀንሰው ነው፤ ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ከዚህ ወገን ናቸው። እነዚህ ብርቱ ረዳቶች ናቸው፤ ነገር ግን ጨጓራን ያቈስላሉ፥ ኵላሊትንም ይጐዳሉ። የጨጓራ ቍስል ወይም የኵላሊት በሽታ ያለበት፥ አስም ያለበት፥ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፥ እርጉዝም የሆነች ሴት ሐኪም ሳይፈቅድ ሊነኳቸው አይገባም። ሁለቱን ባንድነት መውሰድም ጕዳቱን ያበዛል እንጂ ጥቅሙን አያበዛም፤ አንዱ ከታዘዘ አንዱ ይበቃል። ደግሞም ከምግብ በኋላ እንጂ በባዶ ሆድ አይወሰዱም። ይህም በጾም ወራት ለሚታከም ሰው የሚያስቸግር ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ መድኃኒቱን በባዶ ሆዱ የሚውጥ ብዙ ነውና። ለታመመ ሰው ጾም እንደሚላላ የታወቀ ስለ ሆነ፥ በሽተኛው የነፍስ አባቱን አማክሮ ጧት ጥቂት እህል ቢቀምስ ነቀፋ የለበትም።

ሦስተኛው እንደ ትራማዶል ያለው ብርቱ ማስታገሻ ነው። ይህ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ፥ ለጥቂት ቀን የሚወሰድ ነው። ራስን ያዞራል፥ ያቅለሸልሻል፥ እንቅልፍ ያመጣል፥ ሆድንም ያደርቃል። ስለዚህ የሚወስደው ሰው ውኃ አብዝቶ ይጠጣ፥ ጐመንና አጥሚት ይመገብ፥ ማታ ሲነሣም ሰው ይደግፈው። ከአረቄና ከጠላ ጋር መቀላቀል ግን ትንፋሽን እስከ ማቆም ሊያደርስ ይችላልና ፈጽሞ አይገባም። ከጎረቤት ተበድሮ መውሰድ፥ የተረፈውንም ለሌላ በሽተኛ መስጠት አይገባም።

ከኪኒን ሌላ የቤት ሰው በእጁ የሚያደርገው ታላቅ መድኃኒት አለ፤ እርሱም ቅዝቃዜና ከፍታ ነው። በከተማ ያሉ ሰዎች በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው በጉልበቱ ላይ ያኖራሉ። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ደግሞ አገሩ ራሱ ይረዳል። የደብረ ታቦር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ናት፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራም ጎረቤቷ ነው። በዚህ አገር በእንስራ ወይም በጀሪካን ውጭ ያደረ ውኃ ጧት እጅን ያደነዝዛል። በዚህ ውኃ ፎጣ ነክሮ መጭመቅ፥ በላስቲክ ከረጢት አድርጎ ማሰር፥ ቍስሉ እንዳይርስ ሌላ ደረቅ ጨርቅ በመካከል ጣል አድርጎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በጉልበቱ ላይ ማኖር ነው። በቀን ውስጥም ይህን በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ መደጋገም ይቻላል። ነገር ግን እግሩ ገና እንደ ደነዘዘ ከሆነ ቆዳው ቃጠሎውን አያውቀውምና ይቈይ።

ከፍታ ማለታችንም እግሩን ከልብ በላይ ከፍ አድርጎ መተኛት ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። ትራሱ ከጉልበቱ ሥር ብቻ ገብቶ ጉልበቱን አጥፎ ከያዘው፥ ለጊዜው ሕመሙ ይቀልላል፤ ነገር ግን ጉልበቱ እንደ ታጠፈ መድረቅ ይጀምራል። የመምህሩንም ጉልበት ያጠፋው ይህ ነበር። ትራሱ ወይም የተጠቀለለው ጋቢ ከባትና ከተረከዝ ሥር ሆኖ ጉልበቱ ቀጥ ብሎ መዘርጋት አለበት።

እንቅስቃሴም ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። ቍርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ፥ ጉልበቱን ወደ ፍራሹ እየተጫኑ የጭኑን ጡንቻ አጥብቆ እስከ አምስት እየቈጠሩ መያዝ፥ እግሩን ቀጥ አድርጎ ማንሣት፥ ተረከዙን በፍራሹ ላይ እየጐተቱ ጉልበቱን በቀስታ ማጠፍ ነው። እያንዳንዱን አሥር አሥር ጊዜ፥ በቀን ብዙ ጊዜ መሥራት ይገባል። ጥሩው ሰዓት ኪኒኑ ከተዋጠ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ሕመሙ ይለዝባልና። በሥራው ጊዜ ጥቂት ቢያም የሚያስፈራ አይደለም፤ ሕመሙ ማግሥቱን እየባሰና እብጠቱ እየጨመረ ከሄደ ግን በዝቷል ማለት ነውና ይቀነስ። ልም አጥንቱ የተቈረጠለት ሰው ብዙ ጊዜ በምርኩዝ ተደግፎ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ እግሩን ይረግጣል፤ ልም አጥንቱ ወይም ጅማቱ የተሰፋለት ግን ለብዙ ሳምንት ክብደቱን እንዳይጥልበት ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ ከሆስፒታል ሳይወጡ «መቼ ልርገጥ፥ እስከ ምን ልጠፍ» ብሎ ጠይቆ በጽሑፍ መያዝ ይገባል። በአንድ ዱላ የሚሄድም ሰው ዱላውን በደኅናው እግር በኩል ይያዝ። ዳገትና ደረጃ ሲወጣ ደኅናው እግር ይቅደም፥ ሲወርድ የታመመው ይቅደም።

ሕመምን ማድመጥ ፍርሃት ነው የሚል ሰው ቢኖር አንድ ነገር እናስታውሰው። ጥቅምት 28 ቀን 2003 ዓ.ም. ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በኒው ዮርክ ማራቶን ሲሮጥ ጉልበቱን ስላመመው ውድድሩን በመካከል ትቶ ወጣ። በጉልበቱም ውስጥ ፈሳሽ መቋጠሩ በምርመራ ታየ። ይህ ሰው በዓለም ላይ ከእርሱ የሚበልጥ ታጋሽ ሯጭ በቀላሉ የማይገኝለት ሲሆን፥ ጉልበቱ በቃህ ባለው ጊዜ ቆመ፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ ተመልሶ ሮጠ። ትዕግሥት ማለት ሕመምን መደበቅ አይደለም፤ በየቀኑ ያችን ትንሽ እንቅስቃሴ ሳይሰለቹ መሥራት ነው።

ስለ ወጌሻም እንናገር። ወጌሻዎቻችን የወለቀ በመመለስ የተመሰገኑ ናቸው። ነገር ግን በውስጡ የተሰፋ ጉልበት በቅቤ መታሸትና መጐተት ከጀመረ ስፌቱ ሊበጠስ፥ ደምም ሊቋጠር ይችላል። ባቱ ካበጠና ደም ረግቶበት ከሆነ ደግሞ ማሸቱ የረጋውን ደም ወደ ሳንባ ሊሰድደው ይችላል፤ ይህም የሞት አደጋ ነው። ጸበል የሚጠመቅም ሰው ቍስሉ እስኪደርቅና ስፌቱ እስኪወጣ፥ ብዙ ጊዜም ከ10 እስከ 14 ቀን፥ እግሩን ከመንከር ይታገሥ፤ በዚህ መካከል መጠጣትን የሚከለክለው የለም።

ለጠያቂዎችም አንድ ቃል አለን። በሽተኛን መጠየቅ የአገራችን መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ሽማግሌ በገባ ቍጥር በሽተኛው ከአልጋው ልነሣ ሲል፥ ቡና እስኪፈላም እግሩን ወደ ታች አንጠልጥሎ ሲቀመጥ፥ እብጠቱ ማታ ዕጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጠያቂው ገና ከደጃፍ ሳለ «በሞቴ አይነሡ» ይበል፤ የቤቱም እመቤት እግሩን ከትራስ ላይ እንዳያወርድ ትከልክለው። ለመጸዳጃም መሬት ላይ መቍጠጥ እስኪችል ድረስ መካከሉ የተበሳ ወንበር አናጢ ቢሠራለት ታላቅ ዕረፍት ነው።

ከሩቅ ታክሞ የሚመለስ ሰው መንገዱንም ያስብበት። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ ታጥፎ የፎገራን ሜዳ ትቶ በዓለም በር ዳገቱን የሚወጣ መንገደኛ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ወደ ነፋስ መውጫና ወደ ጋይንት የሚያልፍ ደግሞ ከዚያም ይበዛበታል። እግሩን የሚዘረጋበት ወንበር ይያዝለት፥ ኪኒኑን ከመነሣቱ በፊት ይዋጥ፥ በየሰዓቱም መኪና አስቁሞ ጥቂት ይቁም። ተቀምጦ ሳለም ቍርጭምጭሚቱን ማንቀሳቀስ አይተው፤ ደም እንዳይረጋ የሚጠብቀው ይህ ነውና።

አሁን ደግሞ የሚያስታግሡት ሳይሆን የሚሮጡለት ሕመም የትኛው እንደሆነ እንናገር። የተለመደው ሕመም ከሦስተኛው ቀን ወዲህ እየቀነሰ ይሄዳል። በዚህ ፈንታ እየጨመረ ከሄደ፥ ጉልበቱ ከቀላና እንደ እሳት ከጋለ፥ ከቍስሉ መግል ከወጣ፥ ትኵሳቱም ከ38 ዲግሪ ካለፈ፥ መገጣጠሚያው መርቅዞ ሊሆን ይችላል። ባቱ ካበጠና ሲነኩት ካመመ፥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። የእግሩ ጣቶች ከቀዘቀዙ፥ ከጠቈሩ ወይም ማደንዘዣው ከለቀቀ በኋላ ከደነዘዙ፥ ደም አልደረሳቸው ይሆናል። ትንፋሽ ቢያጥረው፥ ደረቱን ቢወጋው ደግሞ አንዲት ሰዓት እንኳ መቈየት አይገባም። በእነዚህ ሁሉ ጊዜ ወዳከመው ሐኪም አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ፥ ወይም በደብረ ታቦር ወዳለው ሆስፒታል ወዲያውኑ መድረስ ነው። ከሕክምናው የተሰጠውንም ወረቀት መያዝ አይዘንጋ።

ያ መምህር በመጨረሻ ምን ሆነ የሚል አንባቢ ይኖራል። ወደ ሆስፒታል ተመልሶ ሄደ፤ ኪኒኑንም በሰዓቱ እየዋጠ፥ እንቅስቃሴን የሚያስተምረው ባለሙያ ባሳየው መንገድ በየቀኑ እየሠራ፥ በጥር ወር ጉልበቱ ቀጥ ብሎ ተዘረጋለት። በስድስት ሳምንት ሊያልቅ የሚችለው ነገር ወደ ስድስት ወር ሄደበት ማለት ነው። ሚስቱም ስታጫውተን «እርሱ ደህና ነኝ ሲለኝ እውነት መስሎኝ ነበር፤ አመመኝ ቢለኝ ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ሳቀዘቅዝለት ባደርሁ» አለችን። ከዚህ ቃል የሚበልጥ ምክር እኛም የለንም። በቤታችሁ የታከመ ሰው ያላችሁ፥ ዛሬ ማታ ኪኒኑን ከትራሱ ሥር ፈልጉ፤ እርሱንም ከ10 ስንት እንደሚያመው ጠይቁት።